ሚንት ጫንኩ፣ ማሽኑ ግን ቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል፤ «ሁለቱም ፎርማት ይደረግ» ተባልኩ

ታቦር ሥር
ሀዋሳ፣ ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4፣ 2018 አብቅቷል። ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። እኔ ደግሞ ፓይተን እየተማርኩ ነው፣ ስለዚህ ለራሴ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሲስተም፣ ሊኑክስን ፈለግሁ።

ችግሩ ላፕቶፑ የኔ ብቻ አይደለም። ታላቅ እህቴ ቀን ቀን የሰው ሂሳብ ትሠራበታለች። የሂሳብ ፕሮግራሟ ፒችትሪ አለ። ፓወር ግዕዝ አለ። ዲ ድራይቭ ላይ የስድስት ነጋዴ መዝገብ አለ። ስለዚህ ዊንዶውሱ ባለበት ሆኖ ሊኑክሱ ጎኑ ላይ እንዲቀመጥ ነው የፈለግሁት።

ትናንት ማታ ከዲ ላይ 50 ጊጋ ቀነስኩ። ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ጫንኩ። መጨረሻ ላይ አንድ የስህተት መልእክት መጣ፣ አለፍኩት፣ ጨረሰ። ሪስታርት ሳደርገው ቀጥታ ዊንዶውስ ገባ። የምርጫ ሜኑ የሚባል ነገር የለም። 50 ጊጋው ግን ተይዟል፣ በዲስክ ማኔጅመንት አየዋለሁ።

ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ አየውና «ፓርቲሽኑ ተበላሽቷል፣ ሁለቱም ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ እንጫን» አለኝ። እህቴ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። የወሩ የቫት ሪፖርት ገና አልገባም። እውነት ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም?

---

ፈጣን ጣት
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 2:52

ወንድሜ ቀላል ነው። ባዮስ (የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ) ግባና ቡት ሞዱን፣ ማለትም የማስነሻ መንገዱን፣ ከዩኢኤፍአይ ወደ ሌጋሲ ቀይረው። የኔ ዴስክቶፕ ላይ ግራብ (ሜኑውን የሚያመጣው የሊኑክስ ማስነሻ) የሠራልኝ በሌጋሲ ነው። አስቀምጠህ ውጣ፣ ሜኑው ይመጣልሃል።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3:15

አደረግሁት። አሁን ጭራሽ ጥቁር ስክሪን ሆነ። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ይላል። ዊንዶውሱም ጠፋ። ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው።

እህቴ አጠገቤ ቆማለች። ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። በስልክ ነው የምጽፈው፣ እባካችሁ።

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ሀዋሳ፣ ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3:21

ታቦር ሥር፣ እጅህን አንሳ። ምንም አትጫን፣ ምንም አትደምስስ። ለእህትህ እንዲህ በላት፦ አንድም መዝገብ አልጠፋም።

አሁን ባዮስ ውስጥ ተመልሰህ ግባ። ሌጋሲ ያልከውን ወደ ዩኢኤፍአይ መልሰው። ሌላ ነገር አትንካ። አስቀምጠህ ውጣ። ዊንዶውስ ይገባል። ገብቶ ስታይ እዚህ ጻፍልኝ፣ አልተኛም፣ እጠብቅሃለሁ።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3:30

ገባ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ዲ ሙሉው አለ። እህቴ ፒችትሪውን ከፍታ አየችው፣ ሁሉም ቦታው ነው። እኔ ግን እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው።

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3:38

ደግ ነው። ውሃ ጠጣ፣ ተረጋጋ። ቀጥሎ አራት ነገር አይተህ ንገረኝ።

ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ክፈትና «ባዮስ ሞድ» የሚለው ፊት ለፊት ምን እንደተጻፈ አንብብ። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ዲስኩን በቀኝ ተጫንና በፕሮፐርቲስ የፓርቲሽን ስታይሉን እይ፣ አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ጂፒቲ ነው ወይስ አሮጌው ኤምቢአር? ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቷል? አራተኛውና ለኔ ትልቁ ደግሞ፣ ፍላሹን ለማስነሳት ኤፍ12 ስትጫን ዝርዝሩ ላይ ምን ምን ነበር? ያለፍከው የስህተት መልእክትስ ምን ይል ነበር? ያስታወስከውን ያህል ጻፍ።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3:55

ባዮስ ሞድ፦ ዩኢኤፍአይ። ዲስኩ፦ ጂፒቲ። ቢትሎከር፦ ጠፍቷል።

ኤፍ12 ላይ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። አንደኛው «ሳንዲስክ» ብቻ ነው። ሁለተኛው ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ነበረው፣ ከዚያ ሳንዲስክ። ያው አንድ ፍላሽ ነው ብዬ የላይኛውን መረጥኩ።

መልእክቱን ፎቶ አንስቼው ነበር። «ግራብ ኢንስቶል» አልተሳካም፣ «ፌታል ኤረር» ነው ይላል። ቀጥሎ ሦስት ምርጫ ሰጠኝ። እኔ «ያለ ቡት ሎደር ቀጥል» የሚለውን ነካሁ።

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 4:20

በቃ፣ ነገሩ ያ ነው። ፓርቲሽንህ አልተበላሸም። ሚንትህም ሙሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። የጎደለው ወደ እሱ የሚወስደው ቡት ሎደር ብቻ ነው። አቶቴ ውስጥ ቤት ሠርተህ ለባጃጁ ሰፈሩን እንዳልነገርከው ቁጠረው።

ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ስላልገባቸው ብቻ ስንት ሰው ዲስኩን ሲያስጠርግ አይቻለሁ።

ማሽን ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም ነው። ፈርምዌሩ ሲስተም የሚፈልግበት ሁለት መንገድ አለው። አሮጌው መንገድ ሌጋሲ የምንለው ነው። የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ብቻ ያነባል። ያ ሴክተር 512 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ 446ቱ ለማስነሻ ኮድ ነው፣ 64ቱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ነው፣ የቀሩት 2 ባይቶች መለያ ናቸው። 446 ባይት ውስጥ ግራብ አይገባም። ስለዚህ ግራብ ጫፉን ብቻ እዚያ ያስቀምጥና ቀሪ አካሉን ከሴክተሩ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ይደብቃል።

ኤምቢአር ዲስክ ላይ ያ ባዶ ቦታ አለ። ጂፒቲ ዲስክ ላይ ግን የለም፤ ቦታውን የጂፒቲ ሰንጠረዥ ራሱ ይዞታል። ስለዚህ ግራብ በሌጋሲ መንገድ ጂፒቲ ዲስክ ላይ ሲጫን 1 ሜጋ የምታክል የራሱ ፓርቲሽን ይፈልጋል። ያንተ ዲስክ ላይ እሷ የለችም። «ፌታል ኤረር» ያለህ ለዚህ ነው።

አዲሱ መንገድ ዩኢኤፍአይ ነው። እሱ የመጀመሪያውን ሴክተር ኮድ አይፈልግም። ዲስኩ ላይ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፣ በፋት32 የተሠራች፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ። እሷ ውስጥ ተራ ፎልደሮች አሉ። አንዱ የማይክሮሶፍት ነው፣ የዊንዶውስ ማስነሻ ፋይል እዚያ ነው ያለው። ፈርምዌሩ ደግሞ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ላይ «ዊንዶውስ እዚህ ፋይል ጋ ነው» የሚል ዝርዝር ይይዛል። ሊኑክስ በዚህ መንገድ ቢጫን ኖሮ ጎኑ ላይ የራሱን ፎልደር ያስቀምጥ ነበር። ሁለቱም ሳይነካኩ ይኖራሉ።

አንተ ኤፍ12 ላይ የላይኛውን ስትመርጥ ጫኚው በሌጋሲ ተነሳ። ዊንዶውስህ ግን በዩኢኤፍአይ ነው የሚነሳው። ሌጋሲ ስታደርገው ጥቁር የሆነብህም ለዚሁ ነው። ሌጋሲ ኢኤፍአይ ፓርቲሽኗን አይቶ አያውቅም። ዊንዶውሱ እዚያው ተቀምጦ ማሽኑ «የሚነሳ ነገር የለም» አለ።

ስለዚህ ፎርማት የሚባል ነገር የለም። ነገ እናስተካክለዋለን። ዛሬ ተኛ።

---

ፈጣን ጣት
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 4:31

ታቦር ሥር፣ በጣም ይቅርታ ወንድሜ። ዲስክህ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። እህትህንም ይቅርታ በልልኝ። የኔ ዴስክቶፕ አሮጌ ነው፣ ዲስኩ ኤምቢአር ነው። ለካ በሌጋሲ የሠራልኝ ለዚያ ነው።

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 4:34

አይዞህ። ያንተ ዊንዶውስም ሊኑክስም በሌጋሲ ስለተጫኑ ተስማምተው ይኖራሉ። ዋናው ነገር ሁለቱ በአንድ መንገድ መነሳታቸው ነው። እንዳለ ተወው።

---

አዳማ ነፋስ
አዳማ፣ ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 1:50

ሰላም። ሌሊቱን ክሩን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ አምና ኡቡንቱ ነበረኝ። ቦታ ሲጠበኝ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኜ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ደመሰስኩት። በማግስቱ ሳበራው «ግራብ ሬስኪው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጥቁር ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። አለቀስኩ። የምሠራበት ፋይል ሁሉ የሄደ መሰለኝ። በኋላ እንደገባኝ፣ የግራብ ማስነሻ ኢኤፍአይ ፓርቲሽኗ ላይ ቀርቷል፣ ሜኑው ግን ከደመሰስኩት ፓርቲሽን ጋር ሄዷል። ግራብ የሚያነበው አጥቶ ነው የቆመው። ኤፍ12 ተጭኜ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» ስል ዊንዶውሱ ምንም ሳይሆን ገባ።

ታቦር ሥር፣ አንድ ነገር ግን ከመጀመርህ በፊት አድርግ። ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፉ ምን ያድርግ የሚለው ውስጥ ነው። ይሄ ነገር ሲበራ ዊንዶውስ ሻት ዳውን ስትለው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግማሹን አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ዲስኩንም እንደያዘው ይቆያል። ከሊኑክስ ሆነህ ዲን ስትከፍት ማንበብ ብቻ ነው የሚፈቅድልህ። በጉልበት ልጻፍበት ካልክ ደግሞ የእህትህ መዝገብ ይበላሻል። ከልቤ ነው የምነግርህ።

ቢትሎከር የበራላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፣ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ላይ አታስቀምጡት።

---

ሂሳብ ሹም
ሀዋሳ፣ ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 3:05

እኔም በፒችትሪ ነው የምሠራው። እህትህ ከምንም በፊት የእያንዳንዱን ካምፓኒ ባክአፕ ታውጣ። ፋይል ከሚለው ውስጥ ባክአፕ አለ። ለአንድ ካምፓኒ አንድ ፋይል ይወጣል። ስድስቱንም በሌላ ፍላሽ ላይ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዘው፣ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥ።

ግን ልጠይቅ፣ ሚንቱን ዋና አድርጎ ፒችትሪን በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያሠራው) ማስኬድ አይቻልም? ወይም ዊንዶውስን ሊኑክስ ውስጥ በሚያስነሳው በቨርቹዋልቦክስ? ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 23፣ ከቀኑ 6:40

ባክአፑ ትክክል ነው። እኔ ማታ በድካም ሳልለው ቀረሁ፣ ታቦር ሥር እሱን ሳታደርግ ወደሚቀጥለው እንዳትሄድ።

ዋይንን በተመለከተ፣ የሰው ሂሳብ ለሚሠራ ሰው አልመክርም። ፒችትሪ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም፣ ከኋላው ፐርቬሲቭ የሚባል የመረጃ ቋት የዊንዶውስ ሰርቪስ ሆኖ ይሠራል። ዛሬ ቢነሳ ነገ በወር መጨረሻ ሊወድቅ ይችላል። ቨርቹዋልቦክስ ይቻላል፣ ግን 8 ጊጋ ራም ለሁለት ተካፍሎ ሁለቱም ያዘግማሉ። ለዚህ ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ሥራው። ታቦር ሥር፣ ማታ መብራት ስታይ ጀምር፣ ባትሪውም ከግማሽ በላይ ይሁን። ያንኑ ፍላሽ ሰካ፣ ኤፍ12 ተጫን። አሁን ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» ያለበትን ምረጥ። ሚንቱ ከፍላሹ ሲነሳ ምንም አትጫን። መጀመሪያ በየትኛው መንገድ እንደተነሳህ አረጋግጥ። ፋይል ማናጀሩን ክፈት፣ ፋይል ሲስተም፣ ሲስ፣ ፈርምዌር። እዚያ ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ ትክክለኛው መንገድ ላይ ነህ። ከሌለ አጥፍተህ እንደገና ኤፍ12።

ከዚያ ስልክህን በኬብል አገናኝና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብራ፣ ኢንተርኔት ያስፈልግሃል። ብዙ ዳታ አይበላም። ሜኑ፣ አድሚኒስትሬሽን፣ «ቡት ሪፔር»። ከፍላሹ ላይ አብሮ የመጣ ነው። የሚመክረውን ጥገና የሚለውን ትልቁን ቁልፍ ተጫን። በመሃል «ይህን ትእዛዝ ቀድተህ ተርሚናል ላይ ለጥፍ» ካለህ እንዳለ ቀድተህ ለጥፍ፣ አንድም አትዝለል። የሌጋሲውን ግራብ አውጥቶ የዩኢኤፍአይውን ሊተካ ነው።

---

ጉዱማሌ 27
ሀዋሳ፣ ኅዳር 23፣ ከቀኑ 8:15

ያልተፈረመ ማስነሻ የሚያግደው ሴኪዩር ቡትስ? ይጠፋ ወይስ ይብራ?

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 23፣ ከቀኑ 8:30

ሚንትና ኡቡንቱ ሺም የምትባል በማይክሮሶፍት ቁልፍ የተፈረመች ትንሽ ማስነሻ አለቻቸው። ስለዚህ በርቶም ይነሳሉ። ግን በአሮጌ ፍላሽ የምትጭኑ አንድ ነገር እወቁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2024 የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ አሮጌ ሺሞችን የሚያግድ ዝርዝር ይዞ መጣ። ሁለት ሲስተም ያላቸው ብዙ ማሽኖች ላይ «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት የደኅንነት ጥሰት መልእክት እየሰጠ ሊኑክሱ አልነሳ አለ። የሚያጋጥመው ሰው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ያጥፋ፣ ሊኑክሱን ገብቶ ሙሉ አፕዴት ያድርግ፣ ከዚያ መልሶ ያብራው። አሁንም ማንም ምንም ፎርማት አያድርግ።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 23፣ ከምሽቱ 4:05

ጋሼ፣ የሆነውን በሙሉ ልጻፍ።

እህቴ ስድስቱንም ባክአፕ አወጣች። ፍላሹን በመሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገች። ፋስት ስታርትአፕም ጠፋ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሰ፣ ያን ጊዜ ጀመርኩ።

«ኢኤፍአይ» የሚለው ፎልደር አለ። ቡት ሪፔር ሦስት ጊዜ ትእዛዝ ቅዳ አለኝ፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ ለጠፍኩ። መጨረሻ ላይ በተሳካ ሁኔታ ተጠግኗል አለ። ደስ አለኝ። ሪስታርት አደረግሁ።

ቀጥታ ዊንዶውስ ገባ።

ኤፍ12 ላይ አየሁ። «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» አለ። «ኡቡንቱ» የሚል አለ። ሚንት የሚል ግን የለም። እኔ ኡቡንቱ ጭኜ አላውቅም። ምናልባት ላፕቶፑ ያገለገለ ስለሆነ የድሮው ባለቤት ይሆናል። ምን ላድርግ?

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 23፣ ከምሽቱ 4:09

ልጄ፣ እሱ ነው። ሚንት የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። ኢኤፍአይ ፓርቲሽኗ ላይ የሚያስቀምጠው ፎልደር ስሙ «ኡቡንቱ» ነው፣ ፈርምዌሩ ዝርዝር ላይም በዚያው ስም ይመዘገባል። ሚንት የሚል ስትፈልግ ብታድር አታገኝም።

ኤፍ12 ተጫን፣ «ኡቡንቱ»ን ምረጥ።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 23፣ ከምሽቱ 4:16

መጣ!!!

ጥቁር ሜኑ፣ መጀመሪያው መስመር ሊኑክስ ሚንት፣ ወረድ ብሎ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»። ሁለቱንም ገብቼ አየሁ። ሁለቱም ይሠራሉ። እህቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። «መዝገቤ አለ?» ብቻ ነው ያለችው። አለ ስላት ተመልሳ ተኛች።

---

አዳማ ነፋስ
ኅዳር 23፣ ከምሽቱ 4:25

እንኳን ደስ አለህ! አሁን ባዮስ ግባና የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ «ኡቡንቱ»ን ከዊንዶውሱ በላይ አድርገው። አለበለዚያ ሁልጊዜ ኤፍ12 ልትጫን ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ከትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ያኔ አትደንግጥ፣ መልሰህ ታወጣዋለህ።

ኡቡንቱ 22.04 ያላችሁ ደግሞ፣ ሜኑው መጥቶ ዊንዶውስ ከሌለበት ይሄም ጥፋት አይደለም። ከግራብ 2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም ፈልጎ የሚያመጣው ኦኤስ-ፕሮበር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በግራብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ እሱን የሚዘጋውን መስመር «ፎልስ» አድርጋችሁ አፕዴት-ግራብ ማለት ነው።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 25፣ ከጠዋቱ 2:20

ይቅርታ፣ ተመለስኩ። አንድ አዲስ ነገር አለ።

ሌሊት ሚንት ላይ ስሠራ አደርኩ። ዛሬ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ እህቴ ዊንዶውስ ስትገባ የኮምፒውተሩ ሰዓት 5:00 ይላል። እናቴ አይታ «ሦስት ሰዓት ወደፊት ሮጠ» አለች፤ አምስት ሰዓት ብላ አንብባው። እህቴ ደግሞ በፈረንጅ 8:00 መሆን ሲገባው 5:00 ስለሆነ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ትላለች። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ባትሪው ይሆን? እህቴ በተለይ ቀኑ እንዳይዛባባት ፈርታለች፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ብትሠራ የትናንት ቀን ይይዝባታል።

---

አዳማ ነፋስ
ኅዳር 25፣ ከጠዋቱ 2:45

እህትህ ልክ ናት። ወደ ኋላ ነው የቀረው፣ ልክ በ3 ሰዓት። ባትሪው ደህና ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ሰዓት አለ። ሊኑክስ እዚያ ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፋል፣ ከዚያ ለኛ አገር 3 ሰዓት ጨምሮ ያሳየናል። ዊንዶውስ ግን እዚያ የተጻፈውን የአገር ቤት ሰዓት ነው ብሎ እንዳለ ያነባል። ስለዚህ ከሊኑክስ በኋላ ዊንዶውስ ስትገባ ሦስቱ ሰዓት ትጎድላለች።

ሚንት ውስጥ ግባና ተርሚናል ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» በል። እንደሚነበብ ነው የጻፍኩልህ፣ አንተ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ጻፈው። ከዚያ ሊኑክሱም እንደ ዊንዶውሱ የአገር ቤቱን ሰዓት ይጽፋል። ሰዓት በበጋና በክረምት የሚቀይሩ አገሮች ላይ ይሄ ችግር ያመጣል። እኛ ጋ ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ስለሆነ በሰላም ይሠራል። ዊንዶውሱን አንዴ ከኢንተርኔት ሰዓት እንዲያስተካክል አድርገው።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 1:30

ተስተካከለ። ሰዓቱ ልክ ነው። እናቴም አምናለች።

የመጨረሻ ጥያቄ። ሜኑው አሥር ሰከንድ ይጠብቅና ወደ ሚንት ይገባል። እህቴ ጠዋት አብርታ ቡና ልታፈላ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ሚንት ሆኖ ያገኛታል። ዊንዶውስ ቀድሞ እንዲመረጥ ይቻላል?

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 2:10

ይቻላል። ኢቲሲ ፎልደር፣ ውስጡ ዲፎልት፣ ውስጡ «ግራብ» የሚባል ፋይል አለ። በሩት (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈተው። «ግራብ ዲፎልት» የሚለው መስመር 0 ነው የሚለው፣ ያም የሜኑው የመጀመሪያ መስመር ማለት ነው። ሜኑህን ከ0 ጀምረህ ቁጠርና የዊንዶውሱን ቁጥር እዚያ አስገባ። አስቀምጥ፣ ተርሚናል ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ»። ፋይሉን ቀይረህ ይሄን ካላልከው ምንም አይለወጥም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው።

ሚንቱ ሲታደስ መስመር ከተጨመረ ቁጥሩ ሊንሸራተት ይችላል፣ ያኔ እንደገና ቁጠር።

---

ታቦር ሥር
ኅዳር 28፣ ከቀኑ 10:50

ጋሼ፣ የእህቴ የቫት ሪፖርት ዛሬ ገባ። ጠዋት ዊንዶውሱ ራሱ ይነሳል፣ ማታ እኔ ወደ ላይ ሁለት ጊዜ ተጭኜ ሚንት እገባለሁ። እህቴ እርስዎን ሳታመሰግን እንዳልዘጋው አዝዛኛለች። አሞራ ገደል አሳ ልጋብዝዎት ነው።

---

የፒያሳው ጠጋኝ
ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 1:15

ጾም ነው፣ ከገና በኋላ እንገናኝ። እህትህን ሰላም በልልኝ።

የሚንቱን ፍላሽ ደግሞ ለሌላ ነገር እንዳትጠርገው። ላዩ ላይ «ዩኢኤፍአይ ብለህ አስነሳ» ብለህ በወረቀት ለጥፍና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው።